ሬሳ አያልበውም

ፊልሙ ስም አለው፤ ግን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። በቃ «ፊልሙ» ነው የሚባለው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ሌላ ፊልም ያልተሠራ ይመስል። ጀግናው አንድ ጠመንጃ ይዞ አንድ ሙሉ ሠራዊት ይገጥማል፤ ጠመንጃው ሲተኩስ እንጂ ጥይት ሲጎርስ ታይቶ አይታወቅም። ጠላት ደግሞ በጅምላ ዓይኑ የታመመ ነው፤ ከአፍንጫው ሥር የቆመውን ጀግና ትቶ ዛፍ ይመታል። ፈረስ ይጋልባል፣ ግንብ ይናዳል፣ ባንዲራ ይውለበለባል፤ ቅጠል በማይነቃነቅበት ቀን እንኳ ባንዲራው ይውለበለባል። አገሬው ይኸን ሁሉ እያየ ያለቅሳል። ወንዶቹ በልጅነታቸው ዱላ ታጥቀው ጀግናውን ሆነው ተጫውተዋል፤ ዛሬ ራሰ በራ ሆነውም ትንሽ ሞቅ ሲላቸው ወንበር ላይ ወጥተው የመጨረሻውን ንግግር አንድ ቃል ሳያጎድሉ ይሉታል።

መቀስ ይኸን ፊልም ዓይኑን ማየት አትፈልግም ነበር።

መቀስ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ሰፈሩ ነው ያወጣላት። ግማሹ በሥራዋ ነው ይላል፤ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ኤዲተር ናት፣ ምስል ስትቆርጥና ስትቀጥል ትውላለች። ግማሹ በምላሷ ነው ይላል። እሷ በሁለቱም አትከፋም። ሥራውን ያስተማራት የለም፤ ጣቢያው የጣለውን አሮጌ ኮምፒዩተር አንስታ፣ ሌሎች የቀጠሉትን እየፈታች፣ የፈታችውን እየቀጠለች በራሷ ነው የተማረችው። ስለዚህ ትንሽ ትኮራለች። ትንሽ የሚለው ቃል የእሷ ነው።

አባቷን ደግሞ ሰፈሩ «ሟቹ» እያለ ነው የሚጠራው። «ሟቹ መጣ፣ ወንበር ልቀቁለት» ይባላል፤ እሱም አመስግኖ ይቀመጣል። ሰውየው በሕይወት አለ፣ ከእግሩ በቀርም ጤነኛ ነው። ግን በወጣትነቱ መተዳደሪያው መሞት ነበር። ፊልም ሲሠራ ከፈረስ የሚወድቅ፣ ከጣሪያ የሚወረወር፣ ፍንዳታ የሚያነሳው ሰው ሲያስፈልግ እሱ ነበር የሚጠራው። በፊልሙ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሞተ ራሱም አያውቀውም። ሰው ስላልበቃቸው ጠዋት የጠላት ካፖርት ለብሶ ይሞታል፣ ምሳ በልቶ ካፖርቱን ይለውጥና ከሰዓት ለእኛ ይሞታል። እንዲያውም አንድ ቦታ የእኛ ተኳሽ ሆኖ ወደ ምሽጉ ይተኩሳል፤ ምሽጉ ውስጥ ተመቶ የሚወድቀውም እሱ ነው። ራሱን ገድሎ ለራሱ የሚፎክር ሰው እንደ እሱ አልታየም።

ከነዚህ ሁሉ ሞቶች ግን ፊቱ የሚታየው በአንዱ ብቻ ነው። ሌላው ጊዜ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ ነው፤ ወይም ባርኔጣው ሸፍኖት፤ ወይም ጭሱ። በመጨረሻው ክፍል ላይ ከግንቡ ይወድቅና በጀርባው ተንጋሎ፣ ፊቱን ወደ ካሜራ አዙሮ፣ ጀግናው እግር ሥር ይቀራል። ጀግናው ያንን ዝነኛ ንግግር የሚያደርገው እዚያ ላይ ቆሞ ነው። ንግግሩ እስኪያልቅ ሬሳው ከሥር አለ። አገሬው ያንን ክፍል «ንግግሩ» ይለዋል። አባቷ «የእኔ ክፍል» ይለዋል።

የጣቢያው ኃላፊ አንድ ሰኞ መቀስን ቢሮው አስጠራት።

«ፊልሙ እሁድ ከሰዓት ይተላለፋል» አላት፣ የልጁን ሠርግ እንደሚነግራት ሁሉ እየፈካ። «ከዋናው የፊልም ጥቅል እንደገና ተገልብጦ፣ ታጥቦ፣ እንደ መስታወት ጠርቶ መጥቷል።»

«እንኳን ደስ አለዎት።»

«ምን ደስ አለኝ! በጣም ጠራ እኮ ነው ችግሩ።»

ስክሪኑን አዞረላት። እውነቱን ነው። ያኔ በደበዘዘው ቅጂ ጭጋግ የነበረው ሁሉ አሁን ይታያል። የጥንቱ አርበኛ የእጅ ሰዓት አስሯል። ከተራራው ጀርባ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቆሟል። ፈረሰኛው የላስቲክ ጫማ ተጫምቷል።

«ልጆቹ ይኸን በስልካቸው ቆራርጠው መሳቂያ ያደርጉናል። የአገር ቅርስ ነው!»

«ቅርስ ከሆነ ለምን ይቆረጣል?»

«ቅርስ እንዲመስል ነዋ!» ንግግሩ ላይ አስቆመው። «ይኸንን ደግሞ ተመልከቺ። ሁሉንም የሚያስከነዳው ይኸ ነው።»

ጣቱ የአባቷ ግንባር ላይ አረፈ። ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። ላቡ በቅንድቡ በኩል ዞሮ፣ በጆሮው ሥር ወርዶ አንገትጌው ውስጥ ይገባል።

«ሬሳ ነው» አለ ኃላፊው። «ሬሳ አያልበውም!»

መቀስ «ሬሳው አባቴ ነው» ማለት ትችል ነበር። ግን እንደዚያ ያለች እንደሆነ ልመና ይመስልባታል፤ ልመና ደግሞ ከፊቷ ጋር አይሄድም። «ምናልባት ሞቱን ገና አልለመደው ይሆናል» አለች።

«ቀልዱን ተይው። እስከ ሐሙስ ቆርጠሽ፣ አሳጥረሽ፣ ያላበው ሬሳ የሌለበትን ታሳይኛለሽ። ካቃተሽ ግልጹን ንገሪኝ፤ ዲፕሎማ ያለው ሰው አላጣም።»

ዲፕሎማ የምትለዋ ቃል ደረጃውን ስትወርድ አብራት ወረደች።

የኤዲቲንግ ክፍሉ መስኮት የለውም። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ አሮጌ ምንጣፍ ተመቷል፣ ወንበሩ አንድ መደገፊያ ብቻ ነው የቀረው። መቀስ ገብታ በሩን ዘጋች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ደስ ብሏት ነበር፤ ይኸን ንግግር የምትቆርጥበትን ቀን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኝ ነው የኖረችው። ደረቱ በጥይት ወንፊት የሆነ ሰው ቆሞ ያንን ሁሉ ሲያወራ!

«እኔ ብወድቅ ይህ ግንብ ይቆማል!» ይላል ጀግናው። «ግንቡ ቢወድቅ ይህ ድንጋይ ይቆማል! ድንጋዩ ቢደቅ ይህ አፈር ይቆማል!» እንዲህ እያለ በአካባቢው ያለውን ዕቃ ሁሉ እንደ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ይቆጥራል። «አፈሩንም ነፋስ ቢወስደው፣ ነፋሱ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ወደ ሩቅ ያያል። ከዚያ ራሱ ይመልሳል፦ «የእኛ ነው!» ሲጨርስ እንደገና ስለ ወንዙ ይጀምራል።

ለመቁረጥ ከየት እንደምትጀምር ፈለገች። አጣች። ንግግሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቦታ ያልተቀጠለ፣ ካሜራው ዓይኑን ሳይነቅል በአንድ ትንፋሽ ያነሳው ነበር። ሬሳውን ለማውጣት ጀግናውን ማውጣት ግድ ነው። እስቲ ከፊቱ ያለውን ልይ ብላ ወደ ኋላ መለሰችው፣ አባቷ ከግንቡ ወደሚወድቅበት።

ይኸንን መውደቅ በልጅነቷ ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ ግን በዚያ በደበዘዘው ቅጂ አቧራ ብቻ ነበር። አሁን ጠርቷል። አባቷ ደግሞ አወዳደቅን ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ አልጋ ላይ አስተምሯታል። «መሬትን እንደ ዘመድ ነው የምታቅፊው» ይላት ነበር። «ትከሻሽ ቀድሞ ሰላም ይላል፤ እግር መጨረሻ ነው የሚመጣው።» ስክሪኑ ላይ ግን እግሩ ቀድሞ መጣ። ለመውደቂያ የተከመረው ገለባ ጥግ ላይ ነበር፤ እሱ የወረደው ከገለባው አጠገብ ነው። ቀኝ እግሩ ከሥሩ ታጥፎ የቀረው እግር ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ነበር።

መቀስ እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ።

ቤት ውስጥ የሚታወቀው ታሪክ ሌላ ነው። አባቷ እግሩን የሰበረው ከሥራ ሲመለስ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ነው። «መውደቅ የምትችል ሰውዬ እንዴት ተሰበርክ?» ስትለው «የሥራ ሰዓት አልነበረማ» ይላት ነበር። ይስቁ ነበር።

አሁን ንግግሩን ከመጀመሪያው ለቀቀችው፤ ጀግናውን ግን አላየችም። ከሥሩ ያለውን ሰው አየች። ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው፤ አይርገበገብም። ደረቱ አይነሳም። ጀግናው ግንቡን ሲጠራ ላቡ ግንባሩ ላይ ነጠብጣብ ነበር፤ ድንጋዩን ሲጠራ ነጠብጣቡ ተገናኘ፤ አፈሩ ላይ ሲደርስ ይወርድ ጀመር። ነፋሱ ጋ ሲደርስ የሬሳው ጣቶች አፈሩ ውስጥ ቀስ ብለው ገቡና እዚያው ተቀበሩ። ስለ ወንዙ ሲቀጥል መቀስ «በቃህ! ዝም በል እንጂ!» ብላ በጀግናው ላይ ጮኸች። ምንጣፉ ድምፅዋን ዋጠው።

ላቡን በኮምፒዩተር መጥረግ ይቻል ነበር። ኃላፊው አያውቅም እንጂ እሷ ታውቃለች። ጠረገችውም። ግንባሩ ደረቀ፣ ፊቱ ሰም መሰለ። አሁን በእርግጥ ሬሳ ሆነ፤ ማንም ቢሆን የሚችለው፣ ዝም ብሎ የተጋደመ ሬሳ። ትንሽ አየችውና ላቡን መለሰችለት።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሸሚዙን ይተኩሳል። ቀኑ ገና ሰኞ ነው።

«እሁድ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል» አላት። «እናትሽ ወንበር ልትዋስ ወጣች ገባች እያለች ነው።»

«አባዬ፣ ከመኪና ነው የወደቅከው?»

«የትኛውን መውደቅ ነው? ብዙ እኮ ነው።»

«እግርህን የሰበርክበትን።»

ካውያውን አቆመ። ወደ ማድ ቤቱ አየ፤ እናትዮዋ እዚያ ድስት ታንኳኳለች። «ድምፅሽን ቀንሺ» አላት።

«አየሁት እኮ። ጠርቷል።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ዘረጋው። «ገለባውን ለፈረስ ሰጥተውት ነው» አለ በሹክሹክታ። «ፈረሱ ራበው ብለው ከጎኑ ቆንጥረው ቆንጥረው ሰጡት፤ ለእኔ የነገረኝ የለም። ወርጄ ስጨርስ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ አትጮህም?»

«ሬሳ ይጮኻል እንዴ? ካሜራው ውስጥ የቀረችው ጥቅል ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትበቃው፤ ሌላ አልነበረም። የፊልሙ አዘጋጅ ቀድሞ ነግሮናል፤ ‹አንድ ሬሳ ቢነቃነቅ ይኸ ፊልም መጨረሻ የለውም› ብሎ። እና ዝም አልኩ። ይጨርሳል ብዬ እኮ ነው! ግንቡን ሲል ‹አሁን ይጨርሳል› እላለሁ። ድንጋዩን ሲል ‹አሁን› እላለሁ። ወንዙን ሲጀምር በልቤ ምን እንዳልኩት አልነግርሽም፤ አባትሽ ነኝ።»

መቀስ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረባትና በሳል ሸፈነችው። «ለእማዬ ለምን ዋሸህ?»

«መውደቅ እኮ ነበር ሥራዬ። ወዳቂ ሲወድቅ ተሰበረ ከተባለ ማን ይጠራዋል? ከመኪና ላይ ግን ማንም ይወድቃል፤ አያሳፍርም።»

«ከዚያ በኋላ ተጠራህ?»

«የለም። እያነከሰ የሚሞት አልፈለጉም።» ካውያውን እንደገና አነሳና አንገትጌው ላይ አስኬደው። «አደራሽን ንግግሩን እንዳታሳጥሪው። እኔ ሙሉውን ነው የተኛሁት።»

«እሺ።»

«እና ደግሞ…» ዓይኑን ከሸሚዙ አላነሳም። «ጠርቷል ስትይ፣ ፊቴ ላይ የሚታይ ነገር የለም አይደል? አልቦኝ ነበር። ዓይኔንም ትንፋሼንም ጣቴንም ይዣቸው ነበር፤ ላቡ ግን አልታዘዘኝም። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ። ሥራውን በደንብ ያልሠራ ሬሳ ነኝ።»

መቀስ ካውያውን ከእጁ ተቀበለችና አንገትጌውን ራሷ ተኮሰችለት፤ ያንን ላብ ላለመጥረግ ግን ቆርጣ ነበር፤ ያለ እሱ ማንም የሚሞተው ሞት ይሆናል። «ምንም አይታይም» አለችው።

ሐሙስ ኃላፊው ክንዱን አጣምሮ ሊያይ ተቀመጠ። የእጅ ሰዓቱ የለም፣ ምሰሶው የለም፣ የላስቲክ ጫማው የለም። ራሱን እየነቀነቀ ተመለከተ። ጀግናው ግንቡ ሥር ሲቆም የኃላፊው ክንድ ሳያስበው ተፈታ። «እኔ ብወድቅ ይህ ግንብ ይቆማል» አለ ከጀግናው ጋር፣ በመጀመሪያ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ። ድንጋዩ ጋ ድምፅ አወጣ። አፈሩ ጋ ከወንበሩ ተነሳ። መቀስ ከጨለማው ጥግ ሆና በትዕግሥት ታየዋለች።

«አፈሩንም ነፋስ ቢወስደው፣ ነፋሱ የማን ነው?» አሉ ጀግናውና ኃላፊው በአንድነት።

ስክሪኑ ጠቆረ።

«የእኛ ነው!» አለ ኃላፊው ለብቻው፣ እጁን ወደ ጥቁሩ ስክሪን ዘርግቶ።

የኮምፒዩተሩ ማቀዝቀዣ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ምን ሆነ? መብራት ሄደ?»

«የለም፣ እዚያ ላይ ቆረጥኩት። ሬሳውን የባሰ የሚያልበው ከዚያ በኋላ ነው። አጭርና ጥርት ያለ ሆኗል።»

«ነፋሱ የማን እንደሆነ ሳይነግረን?»

«ተመልካቹ ይገምት።»

«እንዴት ይገምታል! አብደሻል? ወንዙስ? ወንዙ የታለ?» የኃላፊው ጆሮ ቀላ። «አባቴ ይኸን ንግግር ትከሻው ላይ አስቀምጦ ነው ያሳየኝ፤ ወንዙ ጋ ሲደርስ ያለቅስ ነበር! መልሺው!»

«ወንዙ ከነላቡ ነው የሚመጣው። በአንድ ትንፋሽ የተነሳ ነው፤ መሐሉን የምይዝበት ቦታ የለኝም።»

«ላቡን በኮምፒዩተር ማጥፋት አይቻልም?»

«ይቻላል» አለች መቀስ፣ ፊቷ ላይ አንዲት ጅማት ሳትነቃነቅ። «ግን የጀግናው ቡትስ ጫማ አብሮ ይጠፋል። በባዶ እግሩ ይናገር?»

ኃላፊው ጀግናውን በባዶ እግሩ በዓይነ ሕሊናው አየው መሰል፣ ዘገነነው። «ይላበው!» አለ። «ይላበው በቃ! ሙሉውን መልሺ። ሥራሽን ግን… ሥራሽን ጥሩ አድርገሽ ሠርተሻል፣ የቀረውን።» ሊወጣ በሩን ከከፈተ በኋላ ዞረ። «ለመሆኑ ይኸ ሬሳ ማን ነው? ማንም ስሙን ያነሳው የለም።»

«አባቴ ነው።»

ኃላፊው አንገቱን ደፋ። «ነፍስ ይማር።»

«ይደርሰዋል። ለእሁድ ሸሚዙን ተኩሶ እየጠበቀ ነው።»

እሁድ ከሰዓት ቤቱ ሞላ። የተዋሱት ወንበር አልበቃ ብሎ አልጋው ላይ፣ ደፉ ላይ፣ እርስ በርስ ተደራርበው ተቀመጡ። ሟቹ በተተኮሰው ሸሚዙ መሐል ላይ ነው፤ እግሩ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። በሞተ ቁጥር ይጨበጨብለታል። «አሁን የጠላት ነህ የእኛ?» ይሉታል። «ካፖርቱን እዩዋ» ይላል እየተኩራራ። መቀስ በሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይኸን ፊልም በየመሐሉ ገብታ ስትቆራርጠው ትውል ነበር፤ ዛሬ አፏን ይዛለች። ጎረቤቱ አሟት ይሆናል ብሏል።

ግንቡ መጣ። አባቷ ወደቀ። ጀግናው ቆሞ ደረቱን ነፋ፤ ክፍሉ በሙሉ አብሮት ጀመረ። መቀስ አባቷን አየችው። ቴሌቪዥኑን አያይም። የጎረቤቱን ፊት አንድ በአንድ ይመለከታል፤ የሆነ ሰው የሆነ ነገር እንዳያይበት።

ጀግናው ድንጋዩ ላይ ሲደርስ የጎን ቤቷ ልብስ ሰፊ ዘላ ተነሳች። መርፌ ቀዳዳ ስታይ የኖረች ሴት ናት፣ ምን ያመልጣታል። «ውይ! እናንተ! ሟቹ አላበው እንዴ?»

ክፍሉ ንግግሩን አቋረጠ። አንገት ሁሉ ወደ ስክሪኑ ተመዘዘ። ሟቹ እጁ ሸሚዙ አንገትጌ ላይ ሄደ፤ ፊቱ ላይ ያኔ ግንቡ ሥር ያልታየው ነገር ሁሉ አሁን መጣ።

«ላብ?» አለች መቀስ ከበሩ። «የምን ላብ ነው? የጀግናው ምራቅ ነው እንጂ! ይኸ ሁሉ ሲወራ ከሥር የተኛ ሰው ፊት እንዴት ይደርቃል? አባዬ ዣንጥላ ይዞ መሞት ነበረበት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን እየጠረገች ተቀመጠች። «እውነቷን ነው፣ ሲተፋ ይታያል!» አለ አንዱ፤ ሌላው «እኔም አየሁት» አለ። አባቷ ከሁሉ በላይ ሳቀ፤ እጁ ከአንገትጌው ወረደ፣ ትከሻው ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ያልሳቀችው እናትዮዋ ብቻ ነበረች። ስክሪኑ ላይ የታጠፈውን እግር ታያለች፤ ከዚያ በርጩማው ላይ የተዘረጋውን ታያለች፤ ከዚያ መልሳ ስክሪኑን።

«አንተ ሰውዬ» አለች ቀስ ብላ። «ከመኪና ላይ ነው አይደል ያልከኝ?»

«ቆይ እስቲ፣ ጀግናው እየተናገረ እኮ ነው» አላት ሟቹ፣ ዓይኑን ሳያዞር።

እናትዮዋ ነገሩን ለነገ አስቀመጠችለት፤ ፊቷ ያስታውቃል። ከጀርባዋ ትራሱን አወጣችና እግሩ ሥር ወሸቀችለት፤ ትንሽ ጠበቅ አድርጋ።

«ነፋሱ የማን ነው?» አለ ጀግናው።

«የእኛ ነው!» አለ ቤቱ በሙሉ። መቀስም አለች፤ ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው የሰማችው። ማንም እንዳላያት አረጋግጣ ወደ አባቷ ጠጋ አለች። ጀግናው ወንዙን ሲጀምር ሽማግሌው ከልማድ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ይዞት ቆየ፣ ቆየ፣ ጀግናው ባንዲራው ላይ ተደፍቶ እስኪያበቃ ድረስ። ከዚያ ለቀቀው።

«እንዴት ነው?» አላት በጆሮዋ። «ደህና ሞቻለሁ?»

«አባዬ» አለችው፣ «ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሥራውን በደንብ የሠራው ሬሳው ብቻ ነው።»